ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጃችንን ገላዋን እያጠብኩ ሳለ ስልኬ ሳሎን ውስጥ ጮኸ። ባለቤቴ «መልእክት ነው፣ ላንብብልሽ?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «አንብበው» አልኩት። መልእክቱ ከባንክ ነበር፤ ገንዘብ ገቢ መደረጉንና ቀሪ ሂሳቡን ይናገራል። ችግሩ ባለቤቴ ያንን ሂሳብ አያውቀውም። ከሠርጋችን ወር ጀምሮ ከደመወዜ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ የማጠራቅምበት፣ ለማንም ያልነገርኩት ሂሳቤ ነው።

አልጮኸብኝም። «ከማን ነው የደበቅሽው?» ብቻ አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቷ ወተትና ስለ መብራት ካርድ ካልሆነ በቀር አልተነጋገርንም።

በእነዚያ ዝምታ የነገሠባቸው ቀናት ደጋግሞ ትዝ ያለኝ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ተማሪ ሳለሁ፣ በጋና የባሕር ዳርቻ በምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ያሳለፍኩት አንድ ቀን ነው። ዛሬ ስለዚያ ቀን ላጫውታችሁ።

ጊዜው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የቢዝነስ ተማሪ ነበርኩ። በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር አክራ ሄጄ፣ እንቁጣጣሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ርቄ ያሳለፍኩት እዚያ ነው። ቅዳሜ ዕለት አዲሱ ዓመት ሲገባ ዶርም ውስጥ ሩዝና እንቁላል በላሁ። ዶሮ የለ፣ ቄጤማ የለ፣ አበባ ይዛ በር የምታንኳኳ ልጅ የለ። አንዲት ጋናዊት የክፍል ጓደኛዬ ፊቴን አይታ «ማክሰኞ ክፍል የለንም፤ ኤልሚና አክስቴ ዘንድ እወስድሻለሁ» አለችኝ። አክስቷ ዓሣ በጭስ እያደረቁ የሚነግዱ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ደግሞ ባለ ታንኳ። የባሕር በር ከሌለው አገር የሄድኩት እኔ፣ ታንኳዎች ዓሣ ጭነው ሲገቡ አያለሁ ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ካኔሺ ከሚባለው መናኸሪያ ትሮትሮ ተሳፈርን። ትሮትሮ የእኛው ሚኒባስ ታክሲ ማለት ነው። ረዳቱን «ሜት» ይሉታል፤ እንደ እኛ አገር ሁሉ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ካሶአ የምትባል ከተማ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ስንቆም ገበያው በመስኮት መጣልን። በላስቲክ የታሸገ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ዳቦ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ካልሲ፣ የስልክ ካርድ፣ ሁሉም በሴቶችና በወጣቶች ራስ ላይ ተጭኖ ይዞራል። ከኬፕ ኮስት ከተማ በኋላ መንገዱ በኮኮናት ዛፎች መሐል ባሕሩን ተከትሎ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እልፍ ስንል ኤልሚና ደረስን።

መጀመሪያ የሚታያችሁ በዓለቱ ላይ የቆመው ነጭ ምሽግ ነው። ከሥሩ ቤንያ የሚባለው ውኃ ከውቅያኖሱ ጋር ይገናኛል። እዚያ፣ በድልድዩ ግራና ቀኝ፣ ታንኳዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ውኃው አይታይም። የእኛን አገር የጣና ታንኳ አታስቡ። ከትልቅ ግንድ ተፈልፍለው፣ ጎናቸው በሳንቃ ከፍ ብሎ፣ ከአሥር ሰው በላይ የሚጭኑ ናቸው። በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀለም ተውበው ባንዲራ ይሰቀልባቸዋል። ጽሑፍም አላቸው፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ የእግር ኳስ ቡድን ስም፣ «ባሕር አይነጥፍም» የሚል አባባል። የሚኒባሶቻችን ጥቅሶች ትዝ አሉኝ።

ነገር ግን አንዷም ታንኳ አትንቀሳቀስም። ወንዶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ፤ አንዱ ሞተር ፈታትቶ በጨርቅ ላይ ዘርግቷል። «ዓሣ የሚያጠምዱት መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ጓደኛዬ ሳቀች። «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አለች።

በዚያ ባሕር ዳርቻ፣ በፋንቲዎችም ሆነ በአክራዎቹ ጋዎች ዘንድ፣ ማክሰኞ ዓሣ አይጠመድም። በጥንቱ እምነት ቀኑ የባሕሩ መንፈስ ነው፤ ፋንቲዎቹ ቦሶምፖ ይሉታል። ዛሬ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ደንቡ ግን እንዳለ ነው። ማክሰኞ ታንኳውን ወደ ባሕር ያወጣ ሰው በዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ይቀጣል። በዕለቱ መረብ ይጠገናል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሂሳብ ይተሳሰባል። ዓሣውም በሳምንት አንድ ቀን ፋታ ያገኛል። «ታዲያ ለምን ሌላ ቀን አላመጣሽኝም?» አልኳት። «ሌላ ቀን አክስቴ ቀና ብላ አታይሽም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የአክስቷ ግቢ ከወደቡ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ጭሱ ከሩቅ ይቀበላችኋል። «አክዋባ!» አሉ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ጓደኛዬ «አንቲ» እያለች ስለምትጠራቸው እኔም አንቲ አልኳቸው። ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው የሚያስተጋባ ሴት ናቸው። ስሜን ነገርኳቸው፤ አልጣማቸውም። «የተወለድሽበት ቀንስ?» አሉኝ። እዚያ አገር ሰው ሁሉ ከሌላው ስሙ በተጨማሪ የተወለደበትን ቀን ስም ይይዛል። እኔ ደግሞ አላውቀውም። ባለችኝ የስልክ ካርድ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የተወለድኩት ምን ቀን ነው?»

«በኅዳር፣ የባታ ማግስት።»

«እሱን አይደለም፤ ሰኞ ነው ማክሰኞ?»

ትንሽ አሰበች። «ቅዳሜ ነው። በርበሬዬን ሸጬ ከገበያ ስመለስ አይደል እንዴ ምጡ የያዘኝ! የት ነሽ ግን፣ ንፋሱ ይጮሃል?»

«ባሕር ዳር ነኝ።»

«ባሕር ዳር ምን ትሠሪያለሽ? ጋና አልነበርሽም እንዴ?»

ስቄ ሳበቃ ዛሬ እዚህ ሥራ የለም፣ ባሕሩ ያርፋል አልኳት። ምንም አልገረማትም። «እኛም ዘንድ ነገ አቦ ነው» አለችኝ። ለካ መስከረም 4 ነበር። የቅዳሜ ልጅ መሆኔ ሲታወቅ አንቲ «አማ!» ብለው ሰየሙኝ። እስከ ማታ የግቢው ልጆች ሁሉ በዚያ ስም ጠሩኝ።

አንቲ ሥራቸውን ያስጎበኙኝ ጀመር። ወቅቱ ባሕሩ ብዙ ሰርዲን የሚሰጥበት ነው፤ ዋናው የዓሣ ወቅት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነውና ሰኞ የገባው ዓሣ ገና እየደረቀ ነበር። ምድጃዎቹ በአራት ማዕዘን ከጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ በላያቸው የሽቦ ወንፊት የተወጠረባቸው የእንጨት ትሪዎች እንደ መሳቢያ ይደራረባሉ። አንድ ምድጃ ከአሥር በላይ ትሪ ይሸከማል። የታችኛው ሲበስል ከላይኛው ጋር እያቀያየሩ ይቀጥላሉ። ይህ ምድጃ ስሙን ያገኘው አክራ ውስጥ ካለችው ቾርኮር ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ሠፈር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የጋና የምግብ ምርምር ተቋምና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ሆነው የቀድሞውን ክብ ምድጃ አሻሻሉት። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱን ይቀንሳል፣ ብዙ ዓሣ ይይዛል። ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራበታል። አንቲ ይህን ታሪክ አልነገሩኝም። እሳቸው የነገሩኝ ማገዶ ስንት እንደሚገዙና በደንብ የደረቀ ዓሣ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው። የማርኬቲንግ መምህሬ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ምሳ ኬንኬ ቀረበልን። የበቆሎ ሊጥ ቦክቶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ነው። ኮምጠጥ ሲለኝ እንጀራ ትዝ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በተፈጨ ቃሪያና ቲማቲም፣ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር፣ በአንድ ሳህን በእጃችን በላን። እየበላን ሳለ ነው የአንቲ ባል ሁለት ሰዎች አስከትለው የገቡት። አንደኛው ደብተር የያዘ ወጣት ነው።

ሰላምታው እንዳበቃ ጭቅጭቅ ተጀመረ። በፋንቲኛ ስለነበር ጓደኛዬ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። አንቲ ሰኞ ከባላቸው ታንኳ ስድስት ሳፋ ዓሣ በዱቤ ወስደዋል። የሚከራከሩት በዋጋው ነው። እዚያ መንደር የዓሣ ነጋዴ ሴቶች «ኮንኮሄማ» የምትባል መሪ አለቻቸው። የመጀመሪያዋ ታንኳ ስትገባ የቀኑን መነሻ ዋጋ ከታንኳዋ ሰዎች ጋር የምትቆርጠው እሷ ናት፤ ሌሎች ታንኳዎች በገቡ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ባልየው «የእኔ ሁለተኛ ነው የገባው» ይላሉ። አንቲ ደግሞ «ሳፋዬ ሲሞላ አራተኛው ገብቶ ነበር» ይላሉ። ወጣቱ ደብተሩን ገለጠ። ጮኹ፣ ሳቁ፣ እንደገና ጮኹ። በመጨረሻ መሐል ላይ ተስማሙ። ከዚያ አንቲ ለሞተሩ መግዣ ያበደሩት ገንዘብ ተነሣ፤ የዚያ ወር ድርሻ ከዕዳቸው ተቀነሰ። የቀረውን ከወገባቸው ጨርቅ ቋጠሮ ፈትተው፣ ብሩን አንድ ሁለት ብለው ቆጥረው፣ ለገዛ ባላቸው ከፈሉ። ወጣቱ ጻፈ። ሰውየው እጃቸውን ታጥበው ሳህኑ ጋ ቀረቡ፤ አንቲም ትልቁን ዓሣ ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉላቸው።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። ሰውየው ከሄዱ በኋላ «ባልሽ ያጠመደውን ዓሣ በገንዘብ ትገዣለሽ?» የሚለውን ጥያቄዬን ጓደኛዬ በአክብሮት አድርጋ ተረጎመችልኝ።

አንቲ እንደ ሕፃን አዩኝ። «ዓሣው የእሱ ብቻ ነው እንዴ? አሥራ አራት ሰው አብሮት ወርዷል። የነዳጁ ወጪ ይነሣል፣ የቀረው ለታንኳውና ለሰዎቹ ይካፈላል። እኔ በነጻ ከወሰድኩ ከማን ድስት ነው የወሰድኩት? ከአሥራ አራት ሚስቶች ድስት ነው።»

ቀጥለው የነገሩኝን ግን በደንብ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፋንቲዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል ነው። በጥንቱ ልማድ ባል ሲሞት ንብረቱ ለሚስቱና ለልጆቹ አይደርስም፤ ወደ እናቱ ወገን፣ ለምሳሌ ወደ እህቱ ልጅ ይሄዳል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የውርስ ሕግ ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ሚስትና ልጆች ድርሻ እንዲያገኙ ደንግጓል፤ የቆየ ልማድ ግን ሕግ ስለወጣ ብቻ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። አንቲ ጣታቸውን ወደ ደብተሩ ልጅ ቀሰሩ። «ሞተሩ ላይ ገንዘቤ እንዳለ እሱ ያውቃል፣ ያ ሌላውም ያውቃል፣ ባሌም ያውቃል። ነገ አንድ ነገር ቢሆን አፍ አውጥተው ይመሰክሩልኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እናትሽ ምን ትሠራለች?»

በርበሬና ቅመም እንደምትሸጥ ነገርኳቸው። ገንዘቧን በመቀነቷ ጫፍ እንደምትቋጥር፣ አባቴም ስንት እንዳላት ጨርሶ እንደማያውቅ እየሳቅኩ ጨመርኩ። በእኛ ሠፈር ይህ የብልህ ሴት ወግ ነው። አንቲ አልሳቁም። የራሳቸውን ቋጠሮ ነካ አድርገው «የእኔም እዚህ ነው ያለው። ግን ስንት እንደሆነ ያውቃል» አሉ።

ከመመለሳችን በፊት ምሽጉን አየነው። ፖርቱጋሎች በ1482 ሠሩት፣ ሆላንዶች በ1637 ቀሟቸው፣ እንግሊዞች በ1872 ተረከቡት (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። መጀመሪያ ለወርቅ ንግድ የተሠራ ነበር፤ በኋላ ሰው የሚሸጥበት ሆነ። ሴቶቹ የታጎሩባቸው ክፍሎች ዛሬም ጨለማ ናቸው፣ ይታፈናሉ። ከላያቸው የገዢው መኖሪያ ነው። ወደ መርከብ የሚወስደው በር በጣም ጠባብ ስለሆነ በጎን ነው የሚያልፉበት። እዚያ ስለ ዋጋ የተማርኩት ሁሉ አስጠላኝ። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተን በመስኮት ስንመለከት የሴቶቹ ምድጃዎች ጭስ በታንኳዎቹ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያን ሁሉ ያየ የባሕር ዳርቻ ላይ አንዲት ሴት ገንዘቧን በምስክር ፊት እየቆጠረች ትኖራለች። ይህን ይዤ አክራ ገባሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ከዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ አባቴ ታመመ። አዲስ አበባ መጥቶ ቀዶ ጥገና ያስፈልገው ነበር። ገንዘብ የለም ተባለ። አባቴ ከአያቴ የወረሰው ትንሽ የባሕር ዛፍ ደን ነበረው፤ ለመቆረጥ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ነጋዴው ችግራችንን አውቋል፤ ቢቆይ ከሚያወጣው በግማሽ ዋጋ ወሰደው። አባቴ ታክሞ ዳነ። ቤት ገብቶ ሲያገግም መድኃኒት የሚገዛበት ሲያልቅ እናቴ መቀነቷን ፈታች። ሃያ ስምንት ሺህ ብር ነበር።

አባቴ ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ አየው። «ዛፉን ሳልሸጠው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት። እናቴም «ብነግርህ ይሄኔ ለወንድሞችህ አበድረኸው ነበር» አለችው። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሱ ከዚህ በፊት አበድሮ አልተመለሰለትም። እሷም ከገበያ ገበያ እየዞረች ያጠራቀመችው ነው። ዛፉ ግን ሄደ። አባቴ ከዚያ በኋላ አልተቆጣም፤ ሆኖም ስለ ገንዘብ አንድም ነገር አማክሯት አያውቅም።

ይህን ሁሉ አይቼ እኔ ምን አደረግኩ? በሠርጌ ሳምንት እናቴ በጆሮዬ «ለክፉ ቀን የምትቋጥሪው አይጥፋ» አለችኝ። እኔም በዚያው ወር ባንክ ሄጄ ሂሳብ ከፈትኩ። መቀነቱ በሞባይል ባንኪንግ ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የቢዝነስ ዲግሪ አለኝ፤ ቢሮ ውስጥ ስለ ግልጽነትና ስለ እምነት ለደንበኞች የሚቀርብ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። ቤቴ ስገባ የእናቴ ልጅ ነኝ።

ቅዳሜ ተኳርፈን ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ደብተር ይዤ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ አንቲ ነገርኩት፤ ስለ ዛፉ ደግሞ ያውቃል። ከዚያ ቁጥሩን ጻፍኩለት። ረጅም ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ከሥሩ ሌላ ቁጥር ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዕቁብ አለው፤ ከስምንት ወር በፊት ወጥቶለት የወንድሙን ዕዳ ከፍሎበታል። «ትቆጪያለሽ ብዬ ነው» አለኝ። ተቆጣሁም። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን፤ ነገር ግን የተጨቃጨቅነው በእውነተኛ ቁጥር ላይ ነው።

ሂሳቦቻችንን አልቀላቀልንም። የእኔ በስሜ እንዳለ ነው፤ አንቲም ቋጠሯቸውን ለባላቸው አልሰጡም ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ማታ ደብተሩ ይገለጣል። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴ አሁንም ፊቱ ሙሉ በሙሉ አልፈታም ነበር። እኔም የዕቁቡ ነገር ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ጊዜ ይፈልጋል።

ገንዘቧን የምትደብቅ ሴት ሁሉ ተሳስታለች አልልም። ስትናገሩ የሚቀማችሁ፣ ከዚያም አልፎ እጁን የሚያነሣ ሰው ያለበት ቤት አለ፤ እዚያ ቋጠሮው ሕይወት ነው። የምለው እንደ እኔ፣ የሚደብቁበት ምክንያት ሳይኖራቸው ከእናታቸው በወረሱት ልማድ ብቻ ለሚደብቁ ነው። ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁትን ክፉው ቀን ሲመጣ ማን ያውቀዋል? ያኔ ዛፉ ቀድሞ እንዳይሸጥ።

ለእናቴ ደውዬ እንደነገርኩት ነገርኳት።

«ነገርሽው?» አለች፣ ልጇ ልብሷን ጥላ አደባባይ የወጣች ይመስል። ብዙ አዘነችብኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባቴ እንዳይሰማ ይመስለኛል፣ «ለመሆኑ ስንት ሆነ?» አለችኝ።

ለእሷም ነገርኳት። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።